የታችኛው ክር

እናቴ ካረፈች በአሥረኛው ወር፣ ቡራዩ የምትኖረው እኅቴ አንድ ሻንጣ ልብስ ይዛ ሱሉልታ ድረስ መጣች። እንደ ወጉ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ ደህና ደህናውንም ሰጥታለች። የቀሩት አምስት ቀሚሶች ግን ለመስጠት ያረጁ፣ ለመጣል ደግሞ እጅን የሚይዙ ነበሩ። «አባባን ሌሊት ሌሊት ይበርዳቸዋል፤ ለሙት ዓመቷ የሚደርስ ድርብ ነገር ስፋላቸው» አለችኝ። መኪናዋ ያለችው እኔ ዘንድ ስለሆነ እንቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም።

መኪናዋ ስል የልብስ ስፌት መኪናዋን ማለቴ ነው፤ ጥቁር፣ በእግር የምትረገጥ፣ ጎኗ ላይ የነበረው ወርቃማ ጽሑፍ በአባቴ መዳፍ ታሽቶ የጠፋ። አባቴ ሰበታ ገበያ አጠገብ ከ30 ዓመት በላይ ሰፍተውባታል። ግላኮማ ዐይናቸውን ቀስ በቀስ ሲወስደው በመጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባትን ለእናቴ ተዉላት፤ ቀጥሎ ጥቁር ጨርቅ መቀበል አቆሙ፤ በኋላም ሱቁን ዘግተው መኪናዋን ወደ ቤት አስገቧት። እናቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ «ውሰዳት» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። እኔ መምህር ነኝ። ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ ከማወቄ በቀር ሙያውን አልወረስኩም።

እኅቴ «ድርብ ነገር» ያለችው ስም የሌለው ሆኖ አይደለም፤ ድሪቶ እንለዋለን። ቃሉ የድህነት ስም ስለሆነ ግን አንደበቷ አልደፈረውም። ድሪቶ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተደረተ የሚከብድ፣ ቀን ልብስ ሌሊት መኝታ የሚሆን የደሃ ገንዘብ ነው። «ደረተ» የሚለውን ግስ ቁም ነገር ለሌለው ጽሑፍ እንኳ መስደቢያ አድርገነዋል። በሌላ አገር የዚሁ ሥራ ዕጣ የተለየ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ በአላባማ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ቁርጥራጭ የሰፏቸው ድርብ የአልጋ ልብሶች በ2002 እ.ኤ.አ. በሂውስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል። እነሱም መጀመሪያ የሰፏቸው ልጆቻቸውን ከብርድ ለመከላከል ነበር።

ሥራው ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ የእናቴ ቀሚሶች በአራት ማዕዘን ተቆርጠው የተጋጠሙ፤ ከመካከል ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ፤ ከሥር አቡጀዲ። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በስፒል ተይዘው ከዳር እስከ ዳር በመሥመር በመሥመር ይሰፋሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ አላውቀውምና መጀመሪያ ከትርፍራፊው ሦስት ድርብ ብጣሽ አዘጋጅቼ ሞከርኩበት። የሱሉልታ ብርድ በመስኮት እየገባ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ አንድ መሥመር ሰፋሁ። ከላይ ሲታይ እንከን አልነበረበትም። ስገለብጠው ግን አቡጀዲው ላይ ክሩ እንደ ፎጣ ጸጉር ቀለበት ቀለበት እየሠራ ተንዘላዝሏል።

ብልሽቱ የታየው ከታች ነውና ጥፋቱም የታችኛው ክር ነው ብዬ ፈረድኩ። የታችኛው ክር የሚጠነጠንባትን ቦቢን ካቀፈው የብረት ቤት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቢላ ጫፍ አጠበቅኋት። ባሰበት። ደግሜ አጠበቅኋት፤ ክሩ ይበጠስ ጀመር። ክር ለወጥኩ፤ ዘይት ጨመርኩ፤ መኪናዋን ረገምኩ። ሦስት ማታ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ያበላሸሁትን ብጣሽ ጠቅልዬ ወደ ሰበታ ወረድኩ።

ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። እኔ ግን ዛሬም ከቤቴ አባቴ ዘንድ ለመድረስ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሬ፣ አዲስ አበባን ከሰሜን እስከ ደቡብ ምዕራብ አቋርጬ፣ ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል ነው የምሄደው። መንገዱ ረጅም ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አዘውትሬ ላለመሄዴ መንገዱን ሰበብ ሳደርገው ኖሬአለሁ።

ምክንያቱ ሌላ ነበር። እናቴ በታመመችባቸው የመጨረሻ ወራት ሰበታ ባደርኩ ቁጥር ሌሊት የምሰማው ድምፅ የዚህችን መኪና ነበር። እሷ መኝታ ቤት ታቃስታለች፤ አባቴ ማዶ ክፍል ቁጭ ብለው እስከ እኩለ ሌሊት ይረግጣሉ። አንዲት ሌሊት እንኳ አጠገቧ አይቀመጡም? ከሞት አፋፍ ላይ ያለች ሚስት ትተው የሰው ሱሪ ይሰፋሉ? ይህን አንድ ቀን ጠይቄአቸው አላውቅም። እንደ ድሪቶ ቂም በቂም ላይ ደርቤ ለበስኩት እንጂ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ነጭ በትራቸው ከወንበሩ ጋር ተደግፏል። ሰበታ ዐይነ ስውራን የሚማሩበት መርሐ ዕውራን ያለባት ከተማ ስለሆነች ነጭ በትር ለአላፊ አግዳሚው እንግዳ አይደለም። ብጣሹን ተቀበሉኝና ከላይ አልዳሰሱትም፤ ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ሥር ሥሩን ሄዱበት።

«የታችኛውን አጠበቅኸው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ የተበላሸው ከታች ስለሆነ...»

«ከታች የምታየው የላይኛው ክር ነው። ላይኛው ሲላላ ታችኛው ጎትቶ ያወርደዋል። አንተ ታችኛውን ስታጠብቀው ይብስ ጉልበት ሰጠኸው።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ክሩን ስታስገባ ጨርቅ የሚረግጠው እግር ተነሥቶ ነበር ወይስ ወርዶ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ወርዶ ነበር። ጥፋቴም ይኸው ነበር። የላይኛውን ክር የሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች እግሩ ሲወርድ ይገጥማሉ፤ ሲነሣ ይላቀቃሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ የሚገባ ክር በመካከላቸው አይቀመጥም፤ ከላያቸው አልፎ ይሄዳል። ያዢ ያጣ ክር ደግሞ ከሥር ይንዘላዘላል።

ከዚያ አባቴ በሰላሳ ዓመት ያካበቱትን በአንድ ሰዓት ሰጡኝ። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካገኘበት፣ ስሙ በእኛ አገር የመኪናዋ መጠሪያ የሆነው አይዛክ ሲንገርም በ1851 የራሱን ካስመዘገበ ወዲህ የዚህ ስፌት ምሥጢር አንድ ነው፤ ሁለት ክሮች በጨርቁ ሆድ ውስጥ ይቆላለፋሉ፣ መቆላለፊያቸው ግን ከላይም ከታችም አይታይም። አባቴ የሁለቱን ሰዎች ስም አልጠሩልኝም፤ ያሉኝ ይህን ነው፦ «ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ክር አግባና እንደ ሥራህ ሦስት ድርብ በሆነ ብጣሽ ላይ ሞክር። ቀዩ ከታች ከታየህ ላይኛው ላልቷል፤ ነጩ ከላይ ብቅ ካለ ላይኛው ጠብቋል። የታችኛውን ለመለካት ቤቷን ከነቦቢኗ በክሯ አንጠልጥላት። ዝም ብላ ከወረደች ላልታለች፤ ስትነቀንቃት እንኳ ካልወረደች ጠብቃለች። ነቅነቅ ስታደርጋት ትንሽ ወርዳ ከቆመች ልክ ናት፤ ከዚያ በኋላ አትንካት። ለድርብ 16 ቁጥር መርፌ አድርግ። ከጥርሶቹ ሥር የተከማቸውን ብናኝ ጥረግ። ጨርቁን አትጎትት፤ ጥርሶቹ ራሳቸው ይወስዱታል። የቀረው ክብደት ከጠረጴዛ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ መርፌዋን አያጣምምብህ።»

ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ «ሌሊት ነው የምትሰፋው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ልጆቹን አትቀሰቅሳቸውም?»

«ለመዱት። እንዲያውም እየሰሙ ይተኛሉ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እናትህም እንደዚያ ነበረች» አሉ። «ስትታመም ያለዚህ ድምፅ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አጠገቧ ስቀመጥ ታለቅሳለች፤ ሂድና ርገጥ፣ ስሰማህ ይሻለኛል ትለኛለች።»

«ታዲያ ምን ነበር የሚሰፉት?» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ተለወጠ ለራሴ ተሰማኝ።

«ምን እሰፋለሁ? ያን ጊዜ ዐይኔ ክር አያይም። ብጣሽ ጨርቅ ላይ ነበር የምመላለሰው፤ ዳር ስደርስ አዙሬ እመለሳለሁ። መብራቱንም አላበራውም ነበር።»

መብራቱ አለመብራቱን እኔም አይቻለሁ። በዚያ ሌሊት በበሩ ሥንጥቅ ብርሃን አለመውጣቱን አይቼ፣ ቆጥበው ይሆናል ብዬ ነበር የተኛሁት።

ያን ዕለት ምንም አላልኳቸውም። ይቅርታ ለመጠየቅ ያልነገርኳቸውን ቂም መጀመሪያ መንገር ነበረብኝ፤ ዕድሜያቸውን አይቼ ተውኩት። ትክክል ይሁን ስሕተት አሁንም አልወሰንኩም። ሱሉልታ ስመለስ እግሩን አንሥቼ ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስገባሁ። ያላግባብ ያጠበቅኋትንም ትንሽ ብሎን፣ ቤቷን በክሯ እያንጠለጠልኩ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ቀዩና ነጩ ክር በሦስተኛው ሙከራ ተስማሙ፤ ብገለብጠውም ብመልሰውም አንድ ሆነ።

ለሙት ዓመቱ ድሪቶውን ብቻ ሳይሆን መኪናዋንም በትንሽ የጭነት መኪና አስጭኜ ሰበታ ወሰድኩ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ እንደ ልማዳቸው ከሥሩ ጀምረው ዳሰሱት። ዳር እስከ ዳር ሲሄዱ ጣታቸው የትም አልተያዘም። ከዚያ ገልብጠው ከላይ ያሉትን ጨርቆች አንድ በአንድ ነኩ፤ ከአንደኛው ላይ ቆዩ፤ የትኛው ቀሚስ እንደ ሆነ አልነገሩኝም። በመጨረሻ «አንዱ ጠርዝ ሳይታጠፍ ቀርቷል» አሉ።

«አውቃለሁ» አልኩ። «እዚህ ልጨርሰው ብዬ ነው።»

እሳቸው ተኙ፤ እኅቴ መብራቱን አጠፋች። ጠርዙ ያለቀው በግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ግን ብጣሽ ጨርቅ ፈልጌ ከመርፌዋ ሥር አደረግሁና፣ ከማዶ ክፍል ትንፋሻቸው እስኪከብድ ድረስ በጨለማው ውስጥ ዳር እየደረስኩ አዞርኩ።