የተቆፈረ ምድር መዳኑ በምን ይታወቃል?

ከደምበጫ ተነሥቶ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣውን መንገድ የሄድነው አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። በምንሠራበት ፍርድ ቤት አንድ ገበሬ፣ ከእርሻው ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲ ካወጣ ተቋራጭ ጋር ሲከራከር የሁለቱን ቃል የጻፍነው እኛ ነበርን። ተቋራጩ ጉድጓዱን ደልድሎ ችግኝ መትከሉን፣ መሬቱም መዳኑን ተናገረ፤ ገበሬው ደግሞ ሣር እንኳ እንዳልበቀለበት ተናገረ። ሁለቱም ምስክር አቀረቡ። ጸሐፊ የሰማውን ይጽፋል እንጂ አይፈርድምና ጽፈን ዝም አልን፤ ነገሩ ግን ከልባችን አልወጣም።

በ2011 ዓ.ም. በሰኔ ወር ዕረፍት አግኝተን ስንሄድ ጉድጓዱን አየነው። በእውነት ተደልድሏል፤ ችግኝም ተተክሎበታል። ነገር ግን ሲቆፈር በመጀመሪያ የተገፈፈው ለም የላይ አፈር ለብቻው ተከምሮ መቀመጥ ሲገባው፣ ከድንጋዩ ጋር ተቀላቅሎ ከሥር ስለገባ ከላይ የቀረው ሥር የማይዝበት ጭንጫ ነው። ከችግኞቹ የሚበዙት ደርቀዋል፤ ዝናቡም በመካከላቸው ቦይ አውጥቶ ይወርዳል። እንግዲህ ሁለቱም ተከራካሪዎች ያዩትን ተናግረው ኖሯል።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን አዋጅ ቍጥር 678 ማዕድን የሚያወጣ የጎዳውን መሬት መልሶ እንዲያቀና ያዝዛል፤ ድንጋይና ገረጋንቲም በዚያ አዋጅ ከማዕድን ይቈጠራሉ። ማዘዙ መልካም ነው። መቅናቱንስ ማን፣ በምን መስፈሪያ፣ ስንት ዓመት ይለካዋል?

መልሱን ሳናስበው በዚያው መንገድ ላይ አገኘነው። ከደምበጫ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ አንጀኒ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ምድሩን የጎዳው ቆፋሪ ሳይሆን ጎርፍ ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው፣ የላይ አፈርን ማጣት። በ1976 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴር በስዊስ አገር ካለው ከበርን ዩኒቨርስቲ ጋር ሆኖ፣ 113 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው በአንድ ትንሽ ወንዝ ተፋሰስ ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አቆመ። እርከን ለመሥራት አልቸኰለም፤ ሐኪም አስቀድሞ በሽተኛውን እንዲመረምር ጣቢያው በመጀመሪያ የሚወርደውን አፈር ለካ። እርከኑ የተሠራው በ1978 ዓ.ም. ነው። ስሙም በስዋሂሊ ቋንቋ ፋንያ ጁ ይባላል፤ ቦዩ ሲቆፈር አፈሩ ወደ ሽቅብ ይወረወራልና። ከኬንያ የመጣ ጥበብ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ከክትሩ በላይ ያለው አፈር እየተጠራቀመ ቍልቍለቱ እንደ ደረጃ ይሆናል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የልኬቱ ትዕግሥት ነው። ዝናብ ጥሎ የወንዙ ውኃ ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር በጠርሙስ ይቀዳ ነበር፤ ውኃው እስኪጠራም አይቋረጥም። ከዚያ በኋላ ደለሉ ተጣርቶና ደርቆ በሚዛን ይመዘናል። የዝናቡ መጠን፣ የወንዙ ከፍታ፣ የእህሉም ምርት በመዝገብ ይገባል። እንደ እኛ በመዝገብ ያረጀ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

መዝገቡም ለማንም አላዳላም። በአንጀኒና በመሰሎቿ ጣቢያዎች የተሰበሰበውን የመረመረና በ1991 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ እርከኑ የአፈሩን መሸርሸር እጅግ እንደ ቀነሰ፣ የእህሉ ምርት ግን ብዙውን ጊዜ እንዳልጨመረ ገለጠ። እርከኑ ራሱ ከእርሻው ቦታ ይወስዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከክትሩ ኋላ ውኃ ይተኛል። አፈሩ ሲድን የገበሬው ጎተራ አልሞላም ማለት ነው። አንድ ሹም በእርከኑ ምረቃ ቀን መጥቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢመለስ ይህን ከየት ያገኘዋል?

ስንመለስ ዝናብ ስለ ነበረ ከሁለት ስፍራ፣ ከአንጀኒ እርከን ሥር ከሚወርደውና ከገረጋንቲው ጉድጓድ ከሚወጣው ጎርፍ፣ በሁለት ጠርሙስ ቀድተን ለልጆቻችን አመጣን። ባለቤታችን ለዘይት ያስቀመጠቻቸው ጠርሙሶች ስለ ነበሩ ጥቂት ተቈጥታለች። በመስኮቱ ላይ አስቀመጥናቸው። በማግሥቱ የእርከኑ ደለል አንድ ጣት አልሞላም፤ የጉድጓዱ ግን ሦስት ጣት ሆነ፣ ውኃውም ገና አልጠራም ነበር። ታላቂቱ ልጃችን በየጠርሙሱ ላይ ቀኑንና ስፍራውን ጽፋ ለጠፈች፤ በሚመጣውም ክረምት ከዚያው ስፍራ እንድንቀዳላት ቃል አስገባችን።