አሥራ ሦስት ሰዓት

ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት እስከ ቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀጥታው በረራ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቨርጂኒያ ስትኖር አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ይህን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሯ ታውቀዋለች። ስንቱን ሸኝታለች፣ ስንቱን ተቀብላለች።

መርዶው የመጣው ሐምሌ ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ለሥራ እየለበሰች ሳለ በሩ ተንኳኳ። አራት ሰዎች ቆመዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚያ ሰዓት አራት ሐበሻ በር ላይ ሲቆም ሌላ ቃል አያስፈልግም።

እናቷ አዲስ አበባ ያረፉት ሐሙስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር። አሜሪካ ሰባት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ እዚህ ገና ረቡዕ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። እሷ ያን ጊዜ ልብስ ታጥፍ ነበር። አራቱ ሰዎች ግን ማታውኑ ሰምተዋል።

«ለምን ያኔውኑ አልነገራችሁኝም?» ብላ ጮኸችባቸው።

«ሌሊቱን ብቻሽን እንዴት ትገፊዋለሽ ብለን ነው፣ ልጄ» አሏት ትልቋ ሴትዮ።

ቀብሩ ለዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተቆርጧል። በዋሽንግተን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ደግሞ ረፋድ አምስት ሰዓት። ትኬቱን ተረባርበው ቆረጡላት፤ አንዱ በመኪናው አደረሳት። እናቷ አፈር ሲለብሱ እሷ ደለስ ሰልፍ ላይ ነበረች። ከፊቷ ያሉት ሻንጣ እያስመዘኑ፣ ኪሎ ሲተርፋቸው ጫማና ሽቶ ከአንዱ ወደ አንዱ ያዛውራሉ። የእሷ ተራ ሲደርስ ልጅቷ «ስንት ሻንጣ?» አለቻት። «ምንም» አለች። ወደ አገር ቤት ባዶ እጇን ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦሌ ደረሰች። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ዝናቡ ዳሱን ይመታል። አንዲት ጎረቤት አቅፋት ካለቀሰች በኋላ «እንኳን ለሣልስቱ ደረስሽ» አለቻት። ለማጽናናት ነው ያለችው።

ከሥራ የተፈቀደላት ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ሲመለሱ መንገዱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ ሰው፣ ጭነትና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብዳል። በዚያ ላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ፊት ለፊት ይገፋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ደብሊን አረፈ። መንገደኛው ከወንበሩ አይወርድም፤ ይጠብቃል።

እሷም እየጠበቀች ሰዓቱን ቆጠረች። ከሌሊቱ አሥር እስከ ዘጠኝ፣ ከሞቱ እስከ ቀብሩ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በረራው አሥራ ሦስት። በዚያችው ደቂቃ ነግረዋት፣ በዚያችው ደቂቃ የሚነሳ አውሮፕላን ቢኖር እንኳ አትደርስም ነበር። አራቱ ሰዎች ያቆዩላት አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው፤ ቀብሩን አልከለከሏትም።

ይህ ሲገባት ንዴቷ በረደ፤ ሌላ ነገር ግን መጣ። እናቷ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲሏት «ለፋሲካ» ብላ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ትኬቱ ተወዷል ብላ ለእንቁጣጣሽ አዛወረችው። ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ያ አውሮፕላን በየቀኑ ማለት ይቻላል ከደለስ ይነሳ ነበር። በነዚያ ቀናት ሁሉ መንገዱ አሥራ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ያን ጊዜ ይበቃ ነበር።

ቤቷ እንደገባች ለትልቋ ሴትዮ ደወለች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ስለጮህኩባችሁ ይቅር በሉኝ።»

ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አሉ። «ተይው ልጄ» አሉ። «እኔም የእናቴን አልደረስኩም።»