ማን ከማን ጋር ይኑር?

በሳይንስ ክፍሉ መስኮት አጠገብ የቆመውን የዓሣ ማኖሪያ መስታወት እያያችሁ «ውሃው ከተሞላ ቆየ፤ ዓሣውስ የታለ?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡን ያዋጣነው ሁላችንም ነንና። ስለዚህ ዓሣ እንድንመርጥ የተወከልነው አምስት ሠልጣኞች ለምን እንደዘገየንና ምን እንደወሰንን በዚህ በግድግዳ ጋዜጣችን ልንገልጽላችሁ ወደድን።

የመጀመሪያው ምክንያት ውሃው ራሱ ነው። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ እስኪሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እኛም በየጊዜው ቆንጠር ቆንጠር እያደረግን የዓሣ ምግብ የምንጨምረው ለእነሱ ነው። «ዓሣ የሌለበትን ውሃ ይመግባሉ» ብላችሁ የሳቃችሁብን ይኸው ምክንያቱ!

ሁለተኛው ምክንያት ክርክር ነው። አንዱ ወርቃማ ዓሣ አለ፤ ሌላዋ ኤንጅልፊሽ፤ ሦስተኛው ኒዮን ቴትራ። ከሐዋሳ አካባቢ የመጣው ጓደኛችን ደግሞ «የውጭ አገር ዓሣ ምን ያደርግልናል? ቆሮሶና አምባዛ እናስገባ፤ ሐይቁ ውስጥ አብረው ይኖሩ የለም እንዴ?» ሲል ተከራከረ። አምስተኛዋ ጓደኛችን ምንም አላለችም።

የሐዋሳው ልጅ ነገር ብዙ አነጋገረን። እውነትም ሁለቱ በአንድ ሐይቅ ይኖራሉ። ነገር ግን አምባዛ ትናንሽ ዓሣዎችን ይበላል፤ ትንሹ ቆሮሶ በሐይቁ ዳር፣ ቄጠማው መካከል መሸሸጊያ አለው። የእኛ መስታወት ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ቢባዛ 112 ሊትር ይሆናል፤ አሸዋውና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ 90 ሊትር ያህል ይቀራል። አምባዛ ሲያድግ ከ1 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ከቤቱ የሚረዝም እንግዳ ማለት ይህ ነው! ሐይቅ ውስጥ አብሮ መኖር የሚቻለው መሸሻ ስላለ ነው፤ በመስታወት ውስጥ ግን ወዴት ይሸሻል?

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዓሣ በአራት ጥያቄ መዘንነው።

አንደኛ፣ ውሃችን ይስማማዋል ወይ? የቧንቧችን ውሃ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ይህ ጠንካራ ውሃ ለመሆኑ ምልክት ነው። ኒዮን ቴትራ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ዓሣ ሲሆን የለመደው ለስላሳና አሲድነት ያለው ውሃ ነው። ጉፒ ግን ጠንካራውን ውሃ ይወዳል።

ሁለተኛ፣ ሙቀቱስ? ወርቃማ ዓሣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ለጉፒ 24 ዲግሪ ያህል ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ ወርቃማ ዓሣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ኩሱም ብዙ ነው። ክፉ ዓሣ ስለሆነ ሳይሆን ቤቱ ሌላ ስለሆነ ተውነው።

ሦስተኛ፣ የአንዱ አፍ ለሌላው ምን ያህል ነው? ኤንጅልፊሽ በልጅነቱ የዋህ ይመስላል፤ ሲያድግ ግን ኒዮን ቴትራን የመሰለ ቀጭን ዓሣ ይውጣል። በሱቅ ውስጥ የምናየው መጠን የዛሬው ነው፤ የሚመዘነው ግን የነገው ነው።

አራተኛ፣ ጠባዩስ? ለምሳሌ ታይገር ባርብ ማንንም ባይበላም የሌላውን ክንፍ ይነክሳል። እንደ ጉፒ ረጅም ጅራት ያለው ዓሣ ከእሱ ጋር ኑሮው ስቃይ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲጣራ ጉፒ ቀረ፤ እንዲሁም ከወለሉ ላይ ምግቡን የሚለቃቅመው ኮሪዶራስ፤ ከዓይነቶቹም ልዩ ልዩ ውሃን ይበልጥ የሚችለው ነሐስማው። እዚህ ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። «ኮሪዶራስ አንድ ይበቃል፤ በቀረው ገንዘብ ከየዓይነቱ አንድ አንድ እንግዛ፤ ለተማሪ ማሳያም ያምራል» የሚል ሐሳብ ቀረበ። አብዛኞቻችንም ተስማማን። የሚጣላ እስከሌለ ድረስ ምን ቸገረን?

ያን ጊዜ ዝም ብላ የነበረችው ጓደኛችን ተናገረች። «እዚህ በመጣሁበት በመጀመሪያው ወር በማደሪያችን ቋንቋዬን የሚችል ሰው አልነበረም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ማንም አልገፋኝም። ማታ ማታ ግን መብራት ሳይጠፋ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እተኛ ነበር። ያየኝ ሁሉ ጸጥተኛ ናት ይል ነበር» አለች። ከዚያም ስለ ኮሪዶራስ ያነበበችውን ነገረችን። ከወገኖቹ ጋር በመንጋ የሚኖር ዓሣ ስለሆነ ቢያንስ 6 ሆኖ መኖር አለበት። ብቻውን ሲሆን ጥግ ይዞ ይደበቃል፤ ይፈራል፤ ምግብም ሊቀንስ ይችላል። ተመልካች ግን «ሰላማዊ ዓሣ ነው» ብሎ ያልፋል።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ በአንድ ድምፅ ወሰንን፤ ከየዓይነቱ አንድ አንድ መግዛት ቀረ። ጠብ የለም ማለት ስምምነት አለ ማለት አይደለምና።

እንግዲህ ውሳኔያችን ይህ ነው። ውሃው ሲዘጋጅ በመጀመሪያ 2 ወንድና 4 ሴት ጉፒ ይገባሉ፤ ወንዶቹ ሴቶቹን ያለ ዕረፍት ስለሚያሳድዱ ሴቶቹ እንዲበዙ አድርገናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 6 ኮሪዶራስ ይከተላሉ። ጉፒ እንቁላል አይጥልም፤ ልጆቹን ይወልዳል፤ ትልልቆቹም ልጆቹን ስለሚበሉ መደበቂያ የሚሆን ተክል እንጨምራለን። ሲበዙ ለሚፈልግ ትምህርት ቤት እንሰጣለን እንጂ ወደ ወንዝ አንጥልም፤ የባዕድ አገር ዓሣ ወንዝ ከገባ መልሶ ማውጣት ያስቸግራልና።

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ እንሰማራለን። ብዙ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል የሚደባደቡትን ለማወቅ አንቸገርም፤ እነሱ ራሳቸው ይታያሉ። ከኋላ ወንበር ጸጥ ብሎ የተቀመጠውን ግን ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ሳንጠይቅ «ጨዋ ነው» ብለን እንዳናልፈው አደራ እንባባላለን።

በመጨረሻም፣ ለመስታወቱ በደግነት ዓሣ ይዞ የሚመጣ ቢኖር ምስጋናችን ከወዲሁ ይድረሰው፤ ነገር ግን ከመክተቱ በፊት እባካችሁ ይጠይቀን።