በመንፈስ መብሰል

የሰው ዕድሜ በዓመት ይቆጠራል፤ ቁመቱም በክንድ ይለካል። የነፍስ ዕድገት ግን በምን ይለካል? ይህ ጥያቄ በእኛ ዕድሜ ላለ ተማሪ የሚገባ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ቁመታችን ከወላጆቻችን ስለ ተስተካከለ፣ በመንፈስም አብረን ያደግን ሊመስለን ይችላል።

ብዙዎቻችን መንፈሳዊነትን የምንመዝነው በሚታየው ነገር ነው። እገሌ ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን አንዲት ሳያጎድል ይፈጽማል፣ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም እንላለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ እወደዋለሁም። ነገር ግን አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው የተረቱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳል የያዘው ሌባ በጨለማ ቢሸሸግም ሳሉ ያጋልጠዋል። ቂም የያዘ ጸሎተኛም እንደዚሁ ነው፤ ቃሉ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ቂሙ ወደ ታች ይጎትተዋል።

የሮቢት ሰው ይህን ትምህርት ከገዛ ማሳው ሊያገኘው ይችላል። የራያ ቆላ ሀብቱ ማሽላ ነው፤ የማሽላም ጠላት አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ ለዐይን የሚያምር አበባ ያለው አረም ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ ደቃቅ ሲሆን፣ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የሚነቃውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ያን ጊዜ ከሥሩ ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጠዋል። ገበሬው አበባውን በሚያይበት ጊዜ ጉዳቱ በአብዛኛው ከመሬት በታች ተፈጽሟል።

ሊቃውንት ግን መላ አግኝተዋል። ከጎረቤታችን ከጎብዬ ከተማ ጋር ስሙ አንድ የሆነው «ጎብዬ» እና «አብሽር» የሚባሉት የማሽላ ዝርያዎች አቀንጭራን የሚቋቋሙት፣ ሥራቸው ያንን የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር በጣም ጥቂት ስለሚያመነጭ ነው። አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ የተመራመሩት፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። እንግዲህ ዘሩ በአፈሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ፣ ማሽላው ስላልጠራው ብቻ ተኝቶ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ይህን በሳይንስ ክፍል በተማርሁ ጊዜ ያሰብሁት ስለ ሰው ልብ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት በቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። በእኛ አገር ዝናቡ ስለማያስተማምን፣ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፉ ለጥቂት ሰዓት መጥቶ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ተራ ማለት እንጀራ ማለት ነው። በዚያ ሐምሌ አባቴና ማሳቸው ከማሳችን የሚዋሰን አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን በተራ ምክንያት ተጣሉ። ዱላ ተነሣ፤ ሰው ገላገለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታ ቀረ።

ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ገባ። አባቴ ሊቆርብ አስቦ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደ። እርሳቸውም የተጣላው ሰው እንዳለ ጠየቁት። አባቴ ነገሩን ሁሉ ከተናገረ በኋላ፣ «ሰውየው ግን የእኛ ሃይማኖት ሰው አይደሉም» ሲል ጨመረበት። የንስሐ አባታችን የመለሱለት ቃል እስከ ዛሬ በቤታችን ይነገራል፤ «ልጄ፣ ወንድምህ ማለት የተጣላኸው ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ እርሱ ሂድ፤ ወደዚህ ኋላ ትመጣለህ» አሉት። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ መባ ይዞ የመጣ ሰው መባውን በዚያው ትቶ፣ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አዟል።

አባቴ ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ይዞ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልሁ። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ሃይማኖት ነበሩ። አንደኛው ዱዓ አደረጉ፤ ሌላው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። የጎርፉ ተራ በቀን ተከፈለ። ጎረቤታችንም ጾማችንን አስታውሰው ቡናው እስከ 9 ሰዓት እንዲቆይ አዘዙ። አባቴ በዚያ ፍልሰታ ቆረበ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦና ወደ አካባቢዋ ሲደርስ፣ የቀረችንን ጥቂት ማሽላ ከራሳቸው እህል ጋር በአንድ ጉድጓድ የቀበሩልን እኚሁ ጎረቤታችን ነበሩ። ያንን ክረምት የበላነው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ያ ቂም አብቦ ዘሩን አራግፎ ቢሆን ኖሮ ምን እንበላ ነበር?

በጦርነቱ ወገኑ ለሞተበት ሰው ይቅርታ እንዲህ ቀላል ነው አልልም። የጎርፍ ጠብና የሰው ደም አንድ አይደሉም። ይሁን እንጂ የራያ ሽማግሌ ደም የተቃቡትን እንኳ ሲያስታርቅ ኖሯል። በእርቁም በደሉ ይነገራል፤ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣ ይቆረጣል። ስለዚህ ይቅርታ ማለት በደሉን አልተደረገም ማለት አይደለም፤ በደሉ በልጆቻችን ማሳ ዳግም እንዳይበቅል ማድረግ ነው።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ ለእኛም ለተማሪዎች በየልባችን አቀንጭራ አለን። በፈተና ከበለጠን ጓደኛ ጋር የተያዘ ቅናት አለ፤ በአንዲት ቃል የተቋረጠ ወዳጅነት አለ። ገበሬ አቀንጭራን ዘር ሳያፈራ ይነቅላል፤ አፈሩንም በፍግ ያዳብራል፤ ምክንያቱም አቀንጭራ የሚበረታው በደከመ አፈር ላይ ነው። ጾም፣ ጸሎትና ንስሐም ለልባችን እንደዚሁ ናቸው፤ አፈሩን ካላዳበሩልን ሥራቸውን ገና አልጀመሩም ማለት ነው።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ሲያዝ፣ ግራና ቀኛችንን እጅ እንነሣለን። ይህ ቀላል ነው፤ በአጠገባችን የቆመው ብዙ ጊዜ ወዳጃችን ነውና። የመንፈስ ብስለት የሚታወቀው ግን ከቅዳሴ ወጥተን፣ በዚያ ያልነበረውን፣ የተቀየምነውን ሰው ፍለጋ ወደ ደጁ በሄድን ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ለዚህ ያብቃን።