የሜዳችን ጨዋታ፣ ያለ ሜዳችን

2011ን የምታስታውሱ እስቲ እጃችሁን አውጡ! መቐለ 70 እንደርታ በገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ፋሲል ከነማን በአንድ ነጥብ በልጦ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት። (ሰውዬው እኮ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርንም ሻምፒዮን አድርጓል።) ትግራይ ስታዲየም 60 ሺህ ሰው ይይዛል ይባላል፤ ያኔ ከጨዋታ በኋላ ሮማናት ላይ ባጃጅ ማግኘት ዘበት ነበር።

ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነቱ። ክለቦቻችን ከሊጉ ራቁ።

በ2017 መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ተመለሱ። ደስ አለን። ግን ሊጉ ያኔ የሚካሄደው በተመረጡ ከተሞች ነበር፤ «የሜዳችን» ጨዋታ ድሬዳዋና አዳማ ላይ፣ እኛ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት። ደጋፊ ከሌለ ምኑ ነው የሜዳ? ክለቡስ የበር ገቢውን ከየት ያመጣል? የጊዮርጊስም የቡናም ደጋፊ ይሄን ያማርር ነበር፤ የእኛ ልጆች ግን የሚያማርሩበት ትዝታ እንኳን የላቸውም።

ባለፈው አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ እዚያ ተቀምጠው ኳሷ ትታያለች እንዴ?»

«ከላይ ከሆንክ በደንብ፤ ከታች የሩጫው መም ትንሽ ያርቃታል» አልኩት።