ሁለት ፊደል

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ እኅቴ ከአምበር አጭር መልእክት ላከችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ እማ ቅዳሜ ይመጣል ወይ እያለች ነው። ምን ልበላት?» እኔ አዲስ አበባ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ነኝ፤ ወረፋው ረዝሟል፣ ገንዘብ እቆጥራለሁ። ሁለት ፊደል ነካ ነካ አድርጌ ስልኬን ወደ መሳቢያው መለስሁት። «ኦኬ»።

ማለቴ «መልእክትሽን አይቻለሁ፤ አስቤበት እነግርሻለሁ» ነበር። ይህን ሁሉ ሁለቱ ፊደላት ይሸከሙልኛል ብዬ ነው እንግዲህ።

ቃሉ ሲወለድም ቀልድ ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. አንድ የቦስተን ጋዜጣ «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል» የሚለውን ሐረግ፣ ፊደል እንደማያውቅ ሰው ሆን ብሎ አሳስቶ በመነሻ ፊደላቱ ብቻ አተመው። ይህን ከድሮ ጋዜጦች ቆፍሮ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ነው፤ በ1960ዎቹ። እንግሊዝኛው ዛሬም በሁለት ትላልቅ ፊደላት የሚጻፈው ከዚያ የተነሣ ነው (በአራት ፊደል ዘርዝረው የሚጽፉትም አልተሳሳቱም)። በስሕተት የተጻፈ «ትክክል»!

የእኔ ስሕተት ግን የሆሄ አልነበረም። በእኛ ሥራ አለቃ በማመልከቻ ጠርዝ ላይ ይህን ቃል ጽፎ ከፈረመበት ፈቅዷል ማለት ነው፤ ገንዘብ ይወጣል። ማየቱን ብቻ ሊገልጽ የፈለገ «ተመልክቼዋለሁ» ይላል። የድሮ ጸሐፊዎቻችን «ይከፈል»ን ከ«ተመልክቼዋለሁ» ጋር አያደባልቁም ነበር። በአፍ ሲሆን ድምፅ ያግዛል፤ የእኛው «እሺ» እንኳ ቆረጥ ሲል ስምምነት፣ ሲጎተት ደግሞ እምቢታ ይሆናል። ወረቀትና ስልክ ላይ ድምፅ የለም። ይህን ለደንበኛ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ!

ቅዳሜ እናቴ ከአስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ስትቆጥር ዋለች። ማታ ደወለችልኝ። አልተቆጣችም።

«ልጄ፣ ይኸ ‹ኦኬ› ያልኸው እሽ ማለት አይደለም ወይ?»

«ነው፣ እማ» አልሁ። ሌላ የምለው አጣሁ።

በሳምንቱ ሄድሁ። ከመነሣቴ በፊት ለእኅቴ «እሑድ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ» ብዬ ሳላሳጥር ጻፍሁላት። ወዲያው መለሰች፤ «ኦኬ»።

ደወልሁላት።