በስምንት ግዳጅ ያለቀ ጦርነት

ከጥናት በተረፈኝ ጊዜ የኮምፒዩተር ጨዋታ መጫወት እንደምወድ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ያውቃሉ። አንዳንድ ወላጆች ግን ይህን ገጽ ሲገልጡ፣ «እንዲህ ያለው ነገር በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ምን ሊሠራ መጣ?» ሳይሉ አይቀሩም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ጨዋታው ስለ እኛ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ይኸውም ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ ጦርነት። ስለዚህ ጥቂት ታግሠው ቢከተሉኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር የምጽፈውም ጨዋታው ራሱ የሚቆጥረው በዚያ ስለ ሆነ ነው።

ጨዋታው ‹ጎስት ሪኮን› ይባላል። ጎስት ማለት የሙት መንፈስ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው ሳይታዩ ገብተው ሳይታዩ ለሚወጡ ጥቂት የአሜሪካ ልዩ ጦር ወታደሮች ነው። የሠራው ሬድ ስቶርም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ይህን ኩባንያ በ1996 ካቋቋሙት አንዱ ስለ ጦርና ስለ ስለላ ብዙ ልብ ወለድ የጻፈው ቶም ክላንሲ ነበር፤ በ2000 ደግሞ ዩቢሶፍት የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። ጨዋታው የወጣው በኖቬምበር 2001 ነው። እኔ እጅ የገባው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለዕረፍት ሲመጣ፣ በልጅነቱ ይጫወትባቸው የነበሩትን ዲስኮች በአንድ የጫማ ካርቶን አድርጎ ሲያመጣልኝ ነው። የቤታችን ኮምፒዩተር እርጅና የተጫነው በመሆኑ አዲስ ጨዋታ ሁሉ እምቢ ይላል፤ ይህን ግን እንደ እኩያው ተቀበለው።

አስቀድሜ ስለ ዋናው ጨዋታ ልናገር፤ እርሱን ያላወቀ ሰው ቅሬታዬ አይገባውምና። በሌሎች የተኩስ ጨዋታዎች አንድ ሰው መቶ ጥይት በልቶ ይሮጣል፤ ቁስሉንም በመንገድ ላይ ያገኘው የመድኃኒት ሣጥን ይፈውሰዋል። በዚህኛው ግን አንድ ጥይት፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። ተጫዋቹ እስከ ስድስት ሰው ይመርጣል፤ በሦስት ጓድ ይከፍላቸዋል፤ በካርታ ላይ መንገዳቸውን ያመለክታል፤ ከዚያም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ በዓይናቸው ያያል። በእጁ የያዘው ጠመንጃ እንኳ አይታየውም፤ ያለው የማነጣጠሪያ ምልክት ብቻ ነው። ሲሮጥ ምልክቱ ይሰፋል፤ በደረቱ ተኝቶ ሲረጋ ይጠባል። ስለዚህ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመተኮስ ሳይሆን ከቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ በመጠበቅ ነው። ታናሽ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ፣ «ይኼ ሰውዬ እንቅልፍ ይዞታል እንዴ?» ብላ ትታኝ ሄደች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ከግዳጅ በሕይወት የተመለሰ ሁሉ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡንም ለተኩስ፣ ለመደበቅ፣ ለጽናት ወይም ለመሪነት መደልደል የተጫዋቹ ፋንታ ነው። የሞተ ግን ሞተ። በሚቀጥለው ግዳጅ ቢፈልጉት ከዝርዝሩ አይገኝም። ዘጠኝ ግዳጅ ሙሉ ያሳደግሁት አንድ አልሞ ተኳሽ በአሥረኛው ላይ ከአጥር ሥር የወደቀብኝ ዕለት ራት ሳልበላ ተኛሁ፤ እናቴም የታመምሁ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

የዋናው ጨዋታ ግዳጆች 15 ናቸው። ታሪኩ በ2008 በጆርጂያ ይጀምርና ሞስኮ ቀይ አደባባይ ላይ ይፈጸማል። በእውነተኛውም ዓለም በኦገስት 2008 በጆርጂያና በሩሲያ መካከል ጦርነት ተነሥቷል፤ ሠሪዎቹ ዓመቱን ሰባት ዓመት አስቀድመው መምታታቸው ያስገርማል።

በካርቶኑ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ነበረ። ስሙ ‹ዴዘርት ሲጅ› ነው፤ የበረሃ ከበባ እንደ ማለት። ብቻውን የሚቆም ጨዋታ ስላልሆነና ዋናው ከሌለ ስለማይከፈት፣ እኔ ተቀጥላ እለዋለሁ። የወጣው በማርች 2002 ሲሆን፣ የታሪኩ ዘመን 2009 ነው። በኢትዮጵያ ተስፋዬ የሚባል አንድ ኮሎኔል ይነሣል፤ የኢትዮጵያ ጦር ኤርትራን ይወርራል፤ በቀይ ባሕር የሚያልፈው የመርከብ መንገድ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ እነዚያ የአሜሪካ ወታደሮችም ኤርትራን ነጻ ለማውጣትና ባሕሩን ለመጠበቅ ይላካሉ። በአጭሩ፣ በዚህ ጨዋታ የሚተኮስበት ጠላት እኛ ነን።

ይህን ሳነብ ተናደድሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንዲያውም ደስ አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በተጫወትኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ የሰው አገር ሲቃጠል አይቻለሁ፤ የኢትዮጵያን ስም የጠራ ግን አንድም አልነበረም። በክፍላችን ብቻ ሁለት ተስፋዬዎች አሉ፤ አንደኛው ቀለም አልባሽ፣ ሁለተኛው በረኛ ነው። ስማቸውን በባዕድ ጨዋታ ውስጥ ሳገኝ ስቄ፣ በማግሥቱ ነገርኋቸው። ቁጥቋጦውንና ጥላውን እንዲያ ተጠንቅቀው የሠሩ ሰዎች ወደ እኛ ሲመጡም ያንኑ ጥንቃቄ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። በጠላት በኩል ቢያስቀምጡንም እንኳ፣ ማን እንደ ሆንን አይተው ያስቀምጡናል አልሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጀመርሁ። እሑድ ማታ አለቀ።

ግዳጁ ስምንት ብቻ ነው። አዳዲስ መሣሪያዎችና ብዙ ሰው ሆነው የሚጫወቷቸው የፉክክር ዓይነቶች ተጨምረውበታል፤ ነገር ግን ለብቻው ለሚጫወት እንደ እኔ ላለ ሰው ስምንቱ ናቸው ሁሉም ነገር። ማጠር በራሱ ነውር አይደለም፤ አጭር ሆኖ የጠገበ ተረት አለ። የዚህ ጨዋታ ጣዕም ያለው ግን ሰውን ቀስ በቀስ በማሳደግ ላይ ነው፤ በስምንት ግዳጅ ደግሞ ማንም አያድግም። አንዱን ወታደር ገና ስሙን ሳጠና ጦርነቱ ተፈጸመ። በመጨረሻው ግዳጅ ሁለት ሰዎች ሞቱብኝ፤ ራቴን ግን በሚገባ በላሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። አጎቴ በወጣትነታቸው በዚያ ጦርነት በቡሬ ግንባር ተሰልፈዋል። ቡሬ ስል የጎጃሙን አይደለም፤ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የአፋር በረሃ ነው። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወሩም፤ ሲጠየቁም ስለ ሙቀቱ ተናግረው ወሬውን ይለውጣሉ። ያን ቀን ግን ቡናቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆሙና ዝም ብለው ይመለከቱ ጀመር።

«እነዚህ ስድስቱ የት ናቸው?» አሉኝ።

«ኤርትራ ነው ጋሼ። በረሃው ውስጥ።»

ጥቂት አይተው፣ «ውሃቸውን ማን ያመጣላቸዋል?» አሉ።

«በጨዋታው ውስጥ ውሃ የለም።»

«እንግዲያስ በረሃ አይደለም» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያም ሳልጠይቃቸው፣ የውሃ ቦቴው የሚመጣው ጨለማን ተገን አድርጎ መሆኑን፣ መብራት ማብራት ስለማይችል ሾፌሩ መንገዱን በጭንቅ ይለይ እንደ ነበር፣ አንድ ሌሊት ቦቴው ሳይደርስ ቀርቶ ሲነጋ አንድ ኮዳ ለዘጠኝ ሰው በክዳኑ እየተለካ መታደሉን ነገሩኝ። «ያን ያደለን ልጅ ለራሱ መጨረሻ ነበር የሚይዝ» አሉ። ስሙንም ነገሩኝ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ይህን ሲናገሩ እኔ ጨዋታውን አቁሜ ነበር። ኋላ ስጨርስም፣ «አለቀ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ አለቀ።»

«በስንት ቀን?»

«በሁለት ቀን።»

ሣቁና ሲኒያቸውን መለሱ።

ከዚያ በኋላ የዘመኑን ታሪክ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ተመለከትሁ። እውነተኛው ጦርነት በሜይ 1998፣ በእኛ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ተነሥቶ እስከ ጁን 2000 ድረስ ቆየ። ወሰኑ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ግንባሩም ሦስት ነበር፤ በባድመ፣ በጾረናና ዛላምበሳ፣ በቡሬ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን አለቁ። በዲሴምበር 2000 በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ሄግ የተቀመጠው የወሰን ኮሚሽንም ውሳኔውን ያሰማው ኤፕሪል 13 ቀን 2002 ነው። ተቀጥላው በአሜሪካ ሱቆች የተደረደረው በማርች 2002 መሆኑን አስታውሱ። የሁለቱ አገር እናቶች የወሰኑን ወሬ ጆሯቸውን ጥለው በሚጠብቁበት ሰሞን፣ በሌላ አገር ያው ጦርነት ገና ያልመጣ ነገር ተደርጎ፣ በዲስክ ታሽጎ ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

የጨዋታው ታሪክ ኢትዮጵያና ኤርትራ ለብዙ አሥር ዓመታት የተጣሉ፣ ጠባቸውም በ2009 የገነፈለ አድርጎ ያቀርባል። ጠቡ ረጅም መሆኑ እርግጥ ነው፤ የትጥቅ ትግሉ የጀመረው በ1961 ነውና። ነገር ግን ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1993 አንሥቶ እስከ 1998 ድረስ የእኛ ዕቃ በአሰብ ወደብ ይገባ ነበር፤ እስከ 1997 መጨረሻ አካባቢ፣ ናቅፋ የሚባለው ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ፣ አሥመራ ላይ ሽንኩርት የሚገዛው በብር ነበር። በአንድ ብር የሚገበያዩ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ እንዴት ሊገዳደሉ ቻሉ? ለእኔ ከባዱና አስፈሪው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጨዋታው ግን አይደርስበትም። ለእርሱ ምክንያቱ የመርከብ መንገድ ብቻ ነው።

እናቴ በ1990 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ከእነርሱ ቤት ጋር በአንድ አጥር የሚኖሩ ኤርትራዊት ሴት ነበሩ፤ እናቴን በልጅነቷ ጸጉሯን የሠሯት እርሳቸው ናቸው። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ከሌሎች ብዙ ኤርትራውያን ጋር እንዲወጡ ተደረገ። ለአያቴ ረከቦታቸውን ከነሲኒው ትተውላቸው ሄዱ። ያ ረከቦት አሁን እኛ ቤት ካለው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ በዓመት በዓል ይታጠባል እንጂ ቡና አይቀርብበትም። በጁላይ 2018 ሁለቱ መንግሥታት አሥመራ ላይ ጦርነቱ አበቃ ብለው ሲፈራረሙና የስልክ መስመር ሲከፈት፣ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ የምታውቀው ሰው ቁጥር ስታፈላልግ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል። አላገኘቻቸውም። ጨዋታው ስለ ገመተው ዓመት ስለ 2009 ብጠይቃት፣ «ምንም አልነበረም፤ ዝም ነበር» አለችኝ። በሩሲያ ዓመቱን የመቱት ሠሪዎች በእኛ ሳቱት፤ መሳታቸውም እሰይ የሚያሰኝ ነው።

የሚያሳዝነኝ በጠላት በኩል መቀመጣችን አይደለም። አንዱ ወገን ጠላት ካልሆነ የጦር ጨዋታ አይኖርም፤ ሩሲያውያንም በመጀመሪያው ዲስክ ተቀምጠውበታል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ ከሌሎቹ የተለየበት አንድ ነገር ሰውን በስሙ ጠርቶ፣ ሞቱ እንዲቆጨን ማድረጉ ነው። ያንንም የሰጠው ለስድስቱ ብቻ ነው። ከዚህ ማዶ የሚወድቁት ወታደሮች ስም የላቸውም፤ ከኮሎኔሉ በቀር። ለእርሱም ቢሆን ስሙን ከማውጣታቸው በፊት፣ ተስፋዬ ብላ ልጇን የምትጠራ እናት ምን ማለቷ እንደ ሆነ የጠየቁ አይመስለኝም።

ኩባንያው በዚያው በ2002 ሌላ ተቀጥላ አውጥቷል። ‹አይላንድ ተንደር› ይባላል፤ ስለ ኩባ ነው፤ ግዳጁም ስምንት ነው። ለእያንዳንዱ አገር ስምንት ስምንት የደለደሉ ይመስላል። እርሱ በካርቶኑ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ እጫወተው ነበር፤ ኩባውያን ተማሪዎች ምን እንዳሉበትም ማወቅ እፈልግ ነበር።

ጽሑፉን ለመምህራችን ከማስረከቤ በፊት ዲስኩን የጠየቁኝ አራት ተማሪዎች አሉ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ተስፋዬዎች ናቸው። በረኛው መጀመሪያ ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። ዋናውን ጨዋታ አብሬ እሰጠዋለሁ፤ ያለ እርሱ አይከፈትምና። ያንን ግን ቶሎ እንዲመልስልኝ አልጠይቀውም፤ 15 ግዳጅ አለው፤ ሰዎቹም ለማደግ ጊዜ ይወስዳሉ።